የንባብ ክፍሏ ታቢታና የኮሚቴው ዘመን አቆጣጠር

ከሐይቁ ዳር እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ላላችሁ የሀዋሳ ነዋሪዎች በሙሉ! የአንድ የግል ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ረዳት፣ የበታች ሠራተኛ የሌላት፣ ትጥቋም አንድ ማኅተምና አንድ የአቧራ መወልወያ ጨርቅ የሆነው ወይዘሪት ታቢታ፣ በንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ላይ ክተት ማወጇን ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ።

ንባብ ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ። አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም አቅቷቸው ነበር፤ ታቢታ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃና ቀላል ሥርዓት ጫነችባቸውና ነፍስ ዘሩ። የቀራቸው ዋይፋይ ብቻ ነው። ኮሚቴው ግን፣ ማለትም ለሻይ ሰዓት ብቻ የማይዘገዩት አምስት ሰዎች፣ «ኢንተርኔት የማይገባ ኮምፒውተር ቁርጥራጭ ብረት ነው» ብሎ ዓርብ ሊያስወግዳቸው ቀጠሮ ይዟል። ከሄዱ፣ መመረቂያ ጽሑፋቸውን በስልክ በአውራ ጣታቸው የሚጽፉት ተማሪዎች እንደዚያው ይቀራሉ።

ጥፍር የሚያክሉ የዋይፋይ መቀበያዎች ከነካርቶናቸው ተቀምጠዋል። ሊኑክሱ ግን አላወቃቸውም። እንዲያውቃቸው ድራይቨሩን፣ ማለትም መቀበያውን ከማሽኑ ጋር የሚያስተዋውቀውን ፕሮግራም፣ በጥሬ ኮዱ አውርዶ እዚያው ማሽኑ ላይ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ጥሬውን ማብሰል ያስፈልጋል። ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት! ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን መዝጋት ማለት ይኸው ነው። ታቢታ በስልኳ አውርዳ በፍላሽ ገለበጠችው። ሰኞ ማብሰያው ፕሮግራም ጎደለ፤ አመጣች። ማክሰኞ ሌላ ፋይል ጎደለ፤ አመጣች። ረቡዕ ሁሉም ተሟልቶ ሥራው ገና ሳይጀምር ቆመ።

የሰርተፊኬቱ ብዛት ግድግዳ የሚያለብሰው የአይሲቲ ኃላፊ ኢዮብ በዚያ በኩል ሲያልፍ ቆመ።

«አሁንም ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጠሻል?»

«ያንተ ዊንዶውስ መች አነሣቸው?»

«ተይው ባክሽ፣ ታቢ። ዓርብ ይሄዳሉ።»

«ዓርብ ገና ነው። ዞር በልልኝ፣ ጋረድከኝ።»

ኢዮብ ቢሆን ሳያነብ የሚዘለውን የስሕተት መልእክት እሷ ቃል በቃል አነበበችው። አሁን የተፈጠረው ፋይል ከመጣው ኮድ በዕድሜ ይበልጣል፣ ሰዓቱን ተመልከቺ ይላል። ተመለከተች። 2018።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ወንድሙ መስከረም ላይ «የኮሌጁ ኮምፒውተሮች በሙሉ በራሳችን ዘመን አቆጣጠር ይሞሉ» የሚል ሰርኩላር ፈርመው ነበር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ ቢሆን እሰየው። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ዘመን ብቻ ነው፤ ዓመታት ወደ ኋላ ተጉዞ ቁጭ አለ። በ2025 የተጻፈው ኮድ ለእሱ ገና አልተወለደም።

ታቢታ ሰብሳቢው ቢሮ ገባች።

«አቶ ወንድሙ፣ የኮምፒውተሮቹን ቀን ላስተካክል ነው።»

«የተስተካከለ እኮ ነው። ሰርኩላሩን አላነበብሽም?»

«እኔ አንብቤዋለሁ። ማሽኑ ነው ያላነበበው።»

«ደፍረሻል አንቺ።»

«ዓርብ ደረሰብኝ፣ ጌታዬ።»

ወረደችና ቀኑን ቀየረች። ድራይቨሩ ኮምፓይል ሆነ፤ የዋይፋዮቹ ስም ስክሪኑ ላይ ተደረደረ። ሐሙስ እኩለ ቀን አሥራ ሁለቱም ኢንተርኔት ገብተው፣ ባዶ ወንበር ጠፍቶ ነበር።

አቶ ወንድሙም ዝም አላሉም፤ ሰርኩላር በመጣሷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉላት። ማስወገዱስ? «አጀንዳ አንዴ ከተያዘ ተያዘ።» ለውሳኔው የሦስት ሰው ፊርማ ይበቃል።

እንግዲህ አንተ፣ ይህን ወረቀት ጠረጴዛ ሥር ደብቀህ የምታነበው የኮሚቴ አባል፣ አንዲት ልመና አለችኝ። ነገ ቃለ ጉባኤው ፊትህ ሲቀርብ፣ ብዕርህን ከማንሣትህ በፊት ደረጃውን ውረድ፤ የንባብ ክፍሉን በር ክፈት፤ የተቀመጡትን ተማሪዎች ዓይን ዓይናቸውን እያየህ በራስህ አፍ «ተነሡ» በላቸው። አፍህ እምቢ ካለህ ግን፣ ብዕርህንም ወደ ኪስህ መልሰው።