«ገፊ» የተባለችው እናቴ

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ዓመት፣ ታናሽ ወንድሜን አያሌውን በቀበርን ሰሞን ነው። እስካሁን ከልቤ አልወጣ ያለኝ ግን ከቀብሩ በኋላ የመጣው ነው።

አያሌው ታሞ አያውቅም። አውድማ ላይ ጤፍ ሲያበራይ ቆይቶ፣ ውሃ ልጠጣ ብሎ ዞር እንዳለ ወደቀ። አልተነሳም። አባታችንም እኔ ልጅ ሳለሁ እርሻ ላይ እንዲሁ ነበር የቀረው። ከዚያ ወዲህ የአባቴ ዘመዶች እናቴን «ገፊ» ይሏታል፤ ያገባችውን ሰው ወደ መቃብር የምትገፋ ማለታቸው ነው። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ በለቅሶው ላይ እንኳ ይህንኑ በሙሾ አወረደችው። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። መልስ መስጠት ከተወች ቆይታለች።

በሠልስቱ ጎረቤታችን አንዲት እንግዳ ይዛ መጣች። ዘቢባ ትባላለች፤ አማኑኤል ከተማ ባለው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ሲወራ ስትሰማ ቆየችና ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «አባታችሁስ በምን ሞቱ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«አንተስ ዳገት ስትወጣ ደረትህን ያፍንሃል?»

ያፍነኝ ነበር። ድካም ነው ብዬ ነበር የተውኩት።

«ተመርመሩ። የልብ ሳይሆን አይቀርም» አለች።

በለቅሶ ቤት እንዲህ ይባላል ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ግን ተመልሳ መጣች። እሺ ስላት ከእኔና ከእናቴ ጋር ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ድረስ አብራን ሄደች። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ላኩን።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ልቤን አየው። ጡንቻው ከልክ በላይ ወፍሯል። በዘር የሚወረስ መሆኑን፣ ካለበት ወላጅ የተወለደ ልጅ የመውረስም ያለመውረስም ዕድሉ እኩል መሆኑን ነገረኝ። ቀጥሎ እናቴን መረመረ። «የእርስዎ ልብ ደህና ነው፣ እማማ። ነገሩ ከአባታቸው ወገን የመጣ ይመስላል» አላት።

ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «ምነው ያን ጊዜ የሚነግረኝ ሰው በነበረ» ብቻ አለች።

ከአዲስ አበባ በተመለስን ማግስት እናቴ ለብቻዋ አክስቴ ቤት ሄደች። ልትወቅሳት ነው ብዬ ተከተልኳት። በር ላይ እንደቆመች፣ «ልጆችሽን አስመርምሪ። በሽታው በእናንተ ደም ነው ያለው፤ አንቺም ተመርመሪ» አለቻት። አክስቴ እግሯ ላይ ወደቀች። እናቴ አነሳቻት። ቤት ስንገባ ምንም ሳትቀምስ ተኛች።

አሁን እናቴ የለችም። እኔ በኪኒን እኖራለሁ። ወንዱ ልጄ ነፃ ነው፤ ሴቷ ልጄ ግን ወርሳለች። በየዓመቱ ለምርመራ ይዣት እሄዳለሁ። ሐኪሙ የሚለውን አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ አትሩጥ፣ አትድከም። እሷም ታውቀዋለች። ሁለታችንንም ሰልችቶናል። ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ሲደርስ ሥራዬን ትቼ በር ላይ እቆማለሁ። ስትመጣ ሳያት ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።