የቆቃው አባ ሄሬጋ

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እናቴ የጣለችብኝ ሥራ ግን የአሮጊት ነበር። "አክስትሽና አሥር አለቃው ከተቀመጡ አንቺ መሃል ግቢ" ብላኛለች። አሥር አለቃው ነገሌ ጦር ሰፈር ተመድቦ የመጣ ጎጃሜ ነው። አክስቴን ካልሰጣችሁኝ ብሎ ሽማግሌ ከላከ ዓመት አልፎታል፤ እሷ ግን "እሺ"ም "እምቢ"ም አልወጣትም። "እርስዎ" እያለች ከሩቁ ታስቀምጠዋለች።

የጦር ሰፈር ቤተሰብ በአንድ ካሚዮን ታጭቀን ከናዝሬት ሰርግ ስንመለስ፣ አሥር አለቃው ሾፌሩን ለምኖ ቆቃ አስቆመን።

"ሃሮ አሳይሻለሁ፤ መልስሽን ጀልባ ላይ ትነግሪኛለሽ" አላት አክስቴን።

አክስቴ ሳቀች። እሱ ሐይቅ ማለቱ ነበር፤ እኛ አገር ግን ሃሮ ማለት ለከብት ተብሎ የተቆፈረ ኩሬ ነዋ! ከግድቡ ኋላ የተንጣለለውን ውሃ ስታይ ግን ወደ እሱ ዞረች።

"ይኼን ሰው ነው የሠራው?"

"አዎ፣ ሰው ነው።"

"እንግዲያው ሃሮ ነው። ጫማ አውልቁ! ከብት የሚጠጣው ውሃ አይቆሽሽም።"

የመኮንኖቹ ሚስቶች ባለተረከዝ ጫማቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። እሷ አልበቃትም፤ ወደ ጀልባው ቀዛፊ ዞረች።

"አባ ሄሬጋው የታሉ? ሳናስፈቅድ አንገባም።"

አባ ሄሬጋ የውሃ ተራ የሚሰጥ ሰው ነው፤ ያለ እሱ ቃል ጥጃ እንኳ አትጠጣም። ቀዛፊው ምኑም አልገባውም። አሥር አለቃው ደረቱን ነፋ።

"የዚህ ሃሮ አባ ሄሬጋ እኔ ነኝ። ግቡ!"

ገባን። እኔም መሃል ቁጭ። ከረሜላ ሰጠኝና በዓይኑ "ወዲያ" አለኝ። ከረሜላውን ተቀበልኩ፤ ንቅንቅ አላልኩም። ሌላ ጨመረልኝ። እሱንም ተቀበልኩ።

ሐይቁ መሃል ስንደርስ ውሃው "ፉፍ!" አለና ጉማሬዎች ጆሯቸውን እያራገፉ ብቅ አሉ። ሴቶቹ ጮኹ። ቀዛፊው "ዝም በሉ!" ብሎ ቀስ እያለ ያርቀን ጀመር። አክስቴ ብቻ፣ ውሃ ላይ እንዳገኘችው ባለከብት፣ "ናጋ" ብላ ሰላም አለቻቸው።

"አባ ሄሬጋ፣ እነዚህ ያለ ተራቸው ገብተዋል። አይመልሷቸውም?"

 ዞር ብል፣ አሥር አለቃው ጀልባው ወለል ላይ ተጣጥፎ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጧል።

"ዋና አልችልም" አለ በቀጭን ድምፅ። "ሹመቱንም ትቼዋለሁ።"

አክስቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ክንዱን ያዘችው።

"ተነስ፣ አንተ! አይዞህ፣ ጠጥተው ይሄዳሉ።"

 ከኋላ አንዷ ጉማሬውን ረስታ፣ "አንተ አለችው!" ብላ እልልታዋን ለቀቀችው።

አሥር አለቃው ቀና አለ። "ምን አልሽኝ?"

"ሰምተሃል" አለችው።

ነገሌ ስንገባ እናቴ "መሃል ተቀመጥሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። በከረሜላ በተሞላ አፌ "አዎ" አልኩ፤ እውነቴን ነበር።

አክስቴ ከፋሲካ በኋላ አገባችው። ወደ ሜጋ ሲዛወርም ዕቃዋን ካሚዮን ላይ ጭና አብራው ሄደች።