ሰንጋው ከቀርከሃው ገደል ሲወጣ

ይህ የሁለት ቀን መንገድ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ ብር፣ አንድ ጥንድ ጫማና የቀኝ ትከሻዬን ቆዳ አስወጥቶኛል። የሰንጋው ዋጋ እዚህ ውስጥ የለም፤ እሱ የሰፈር ገንዘብ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የምናገረው፣ እንጅባራ ውስጥ «እሱ እኮ ከበሬው ሳያተርፍ አልቀረም» የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው።

እኔ መናኸሪያው አጠገብ ድንችና ሽንኩርት በጅምላ የምሸጥ ሰው ነኝ። በሰፈራችን ዐሥራ ስድስት ቤት ሆነን ለገና ቅርጫ እንገባለን። አንድ ሰንጋ በጋራ ገዝተን እናርድና ሥጋውን ዐሥራ ስድስት እኩል መደብ አድርገን በዕጣ እንካፈላለን። ዘንድሮ እያንዳንዱ ቤት አምስት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ብር አዋጣ። ማን ሄዶ ይግዛ ሲባል፣ ገንዘብ ሰብሳቢዋ እትዬ ስንዱ እኔን ጠቆሙ።

«ድንቹን ከነአፈሩ መዝኖ የሚሸጥልን ሰው፣ በሬ ላይ ማንም አያታልለውም» አሉ።

ስድብም ቢሆን ሹመት ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ከእንጅባራ ስነሳ ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ነበር። ወደ አዘና የሚሄደው ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሳም፤ ከሞላ በኋላም አራት ሰው ይጨምራል። መቶ ሃምሳ ብር ከፈልኩ። ታሪፉ ከሾፌሩ ጀርባ ተለጥፏል፣ ዋጋው የተጻፈበት ቦታ ላይ ግን ጃኬት ተሰቅሏል። ጃኬቱን ገለጥ ላደርግ እጄን ስዘረጋ ረዳቱ፣ «ጋሼ፣ ብርድ ይመታዋል፣ ተወው» አለኝ። ተውኩት።

መንገዱ ግራና ቀኙ ዲከረንስ የሚባለው ለከሰል የሚተከል ዛፍ ነው። ከየማሳው ቀጭን ጭስ ይወጣል፣ በየመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ዝቅ እያልን ስንሄድ ብርዱ ለቀቀንና ሰው ሁሉ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አደረገ።

አዘና ገበያ ላይ ዓይኔ ያረፈው አንድ ቀይ ቦቃ ሰንጋ ላይ ነው። ሻኛው ወደ ጎን ጋደል ያለ፣ ጀርባው ላይ ሰው ቢተኛበት የሚመቸው ዓይነት። ባለቤቱ መቶ ዐሥር ሺህ አሉ።

«ስንት ክረምት አረሰ?» አልኳቸው።

«ሁለት ብቻ።»

«ጫንቃው ላይ ያለው የቀንበር ጠባሳ ግን የሁለት ክረምት አይመስልም።»

«ታዲያ ጫንቃውን አትብላው» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ሌላ ገዢ አዞሩ።

ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ በዘጠና ሁለት ሺህ ተስማማን፣ ማለት ሰፈሩ ያዋጣው ገንዘብ ልክ እስከ መጨረሻው። ደላላው ምንም ሳይናገር ስለዋለ አምስት መቶ ተቀበለኝ። ለማሰሪያና ለመንጃ ሁለት ጥሩ ገመድ በስድስት መቶ ገዛሁ።

ስሕተቴ ከዚህ ቀጥሎ ነው። በሬውን እስከ እንጅባራ ለመጫን አንድ ኢሱዙ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስከራከር ስለዋልኩ አፌ ማቆም አልቻለም፤ ሺህ ብር አልኩት። መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ያኔ ከብት በመንዳት የሚተዳደር ቢረሳው የሚባል የአርባ ዓመት ሰው ጠጋ አለና፣ «ስምንት መቶ ስጠኝ፣ በቀርከሃው አቋራጭ ነገ ሳይመሽ አስገባልሃለሁ» አለኝ። ሺህ ሰባት መቶ ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ዋዜማ፣ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት

ቢረሳው ከፊት፣ በሬው መሐል፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ጉዞው ሽርሽር ነበር። ከዚያ ወደ ቀርከሃው ገባን። ቀርከሃው ከላይ ተገናኝቶ ፀሐዩን ዘግቶታል፤ መንገዱ አንድ በሬ ያሳልፋል፣ ሁለት አያሳልፍም። በግራ በኩል ገደል ነው፣ ከታች ውኃ ይሰማል።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ ከበሬው አፍንጫ ሥር አንድ ድኩላ ዘልሎ ወጣ። እኛን አየት አደረገና በሁለት ዝላይ ጠፋ። በሬው ግን ደንብሮ ወደ ግራ ዞረ። ገመዱ ከቢረሳው እጅ ሲሾልክ አየሁ፣ ከዚያ የሚሰበር ቀርከሃ ድምፅ ብቻ ሆነ።

እየተንሸራተትን ወረድን፤ የግራ ጫማዬ ሶል እዚያ ቀረ። በሬው ከውኃው በላይ ጥቅጥቅ ባለ ቀርከሃ ተይዞ ተጋድሟል። የፊት እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል፣ ትንፋሹ ያጥራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ቢላዋ ሳይደርስበት የሞተ ከብት በክት ነው። በክት ደግሞ ቢያርዱት፣ ቢባርኩት፣ ቢያጥቡት በክት ነው፤ ለክርስቲያን አፍ አይሆንም። ያ በሬ ሳይታረድ ከሞተ ዐሥራ ስድስት ቤት ገናን በሽሮ ይውላል፣ ዘጠና ሁለት ሺህ ብር ለጅብ ይገባል፣ የእኔም ስም በሰፈሩ እስከ ልጅ ልጅ ይነሳል። በኪሴ ያለው ደግሞ ሽንኩርት የምቆርጥባት ሰንጢ ናት። በእሷ ብጀምረው ማሠቃየት እንጂ ማረድ አይሆንም።

«ላይ ቤት አለ» አለ ቢረሳው። «ካራ ይዤ እመጣለሁ። አንተ እንዳይሞት አድርግ።»

«እንዴት ነው እንዳይሞት የማደርገው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለና ሽቅብ ሮጠ።

የበሬውን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ ቁልቁል እንዳይንሸራተት እግሬን ከቀርከሃው ሥር አጠላለፍኩ። ከጎኔ ከዐለቱ የሚንጠባጠበውን ውኃ በእጄ እየተቀበልኩ አፉን አረጠብኩለት። ዝም ማለትም ስላልቻልኩ አወራሁት። ስለ ድንች ዋጋ፣ ስለ እትዬ ስንዱ ምላስ፣ ስለተከራከርኩበት ኢሱዙ ነገርኩት። ዓይኑ ከተከደነ በጥፊ መታ አደርገዋለሁ፣ ይከፍተዋል። በገበያ የማላውቀውን ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ያን በሬ ለመንኩት።

አምስት ሰዓት ተኩል

ቢረሳው አንድ ሽበታም ገበሬ አስከትሎ መጣ። ጋሽ አዳሙ ይባላሉ፣ ቤታቸው ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ሰላምታ አልሰጡም። መዳፋቸውን የበሬው አፍንጫ ላይ አደረጉ፣ ዓይኑን ነካ አድርገው ጨፈን ሲያደርግ አዩ።

«ነፍሱ አለች። ራሱን ወደ ምሥራቅ አዙሩት።»

ሦስታችን ተባብረን አዞርነው። ጋሽ አዳሙ አማትበው በስመ አብ ብለው ካራውን አሳረፉ። ደሙ እስከ ውኃው ድረስ ፈሰሰ። ደም በማየት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«አሁን እንዴት ነው የምናወጣው?» አልኩ።

ጋሽ አዳሙ ወደ አፋፉ ቀና ብለው በአገውኛ ተጣሩ። ከላይ መልስ መጣ፣ ደግመው ተናገሩ። እኔ ከአገውኛ የማውቀው ቁጥር ብቻ ነው፤ ለገበያ እስከ ዐሥር ካወቅሁ ይበቃኛል። ከንግግራቸው መሐል «ሰባት» የሚለውን ለይቼ ሰማሁ። ሰባት ሺህ ብር! በልቤ ቶሎ አሰላሁ። ከመጠየቃቸው በፊት መቅደም ነው ብዬ፣

«ጋሽ አዳሙ፣ እንግባባ። ሦስት ይሁን» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «በሦስት?»

«በሦስት። ከዚያ በላይ አቅም የለኝም።»

«አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ሥጋ በሦስት ሰው ሽቅብ ልታወጣ ነው? ሰባት ሰው ያስፈልጋል፣ እኔን ጨምሮ። ሰባት እንድንሆን ሰው ላኩልኝ ነው ያልኩት።»

ካራውን ይጠርግ የነበረው ቢረሳው ከሳቁ ብዛት ሊጥለው ነበር። እኔ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

«ዋጋውስ?» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እዚህ አገር ገደል ለገባ ከብት ገንዘብ አይቀበሉም። ይልቅ እጅጌህን ሰብስብ።»

ስድስት ሰዓት

ስድስቱ ሰዎች ገጀራ፣ ቢላዋና አንድ ጠይም ፈረስ ይዘው ወረዱ። ፈረሱ ደም ሲሸተው አፈገፈገ፤ ባለቤቱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጨፍልቆ አፍንጫውን አሸለትና ተረጋጋ። እንዲህ የሚደረግ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቆዳው ተገፈፈ፣ ብልቱ ወጣ፣ ጨጓራው ከታች ውኃ ላይ ታጠበ። ሁለቱ ቀርከሃ ቆርጠው በገዛሁት ገመድ ሁለት ቃሬዛ ሠሩ፣ ቅጠል ጎዘጎዙበት። ጭኖቹ አንደኛው ቃሬዛ ላይ፣ የፊት እግሮቹና ጎድኑ ሁለተኛው ላይ ተጫኑ። የቀረው በቆዳው ተጠቅልሎ ለፈረሱ ሆነ።

ሸክም ለመቀነስ ብዬ ራሱን ልተወው አሰብኩ። ጋሽ አዳሙ ተቆጡኝ።

«በሬ በእግሩ ይመጣል ብለው የሚጠብቁህ ሰዎች ሥጋ ተሸክመህ ስትገባ ምን የሚሉህ ይመስልሃል? አንገቱን ይዩት። ራሱን አንተው ተሸከመው።»

ተሸከምኩት። የትከሻዬ ቆዳ የሄደው እዚያ ላይ ነው፤ ቀንዱ በሄድኩበት ሁሉ ይወጋኛል።

ሽቅቡ ሁለት ሰዓት ፈጀ። የላይኞቹ ይጎትታሉ፣ የታችኞቹ በትከሻቸው ይደግፋሉ፣ ዐሥር እርምጃ ሄደን እናርፋለን። ዋዜማ ነውና ሁሉም ጾመኛ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃም የቀመሰ የለም። ከፊቴ የነበረው ተሸካሚ የበሬውን ጭን በጉንጩ ደግፎ እየወጣ፣

«ከሥጋ ጋር እንዲህ ተጠጋግቼ አላውቅም፣ የምጠጋውም በጾም ሆነ» አለ።

«ዝም በል፣ ማሽተትም ይገድፋል» አለው ሌላው።

አንዴ የታችኛው ቃሬዛ ገመድ ሾለከና ጎድኑ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረ። ቢረሳው በደረቱ ተወርውሮ ያዘው። ሲነሳ ከግንባሩ እስከ ቀበቶው ጭቃ ነው። «አሁን ስምንት መቶዬን በደንብ ሠራሁ» አለ። እውነቱን ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአፋፉ ወጣን። ቀርከሃው አልቆ ሜዳው ሲታይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቀ። አረፍ ብለው ከየኩታቸው ቆሎ አወጡ፣ ለእኔም በእፍኜ ሞሉልኝ። ሥጋው መሬት ሳይነካ፣ አንዲት ብልት ሳትጎድል ወጥቷል። እኔ ድንች ስነግድ እንኳ ከመኪና እስከ ሱቅ ሁለት ኩንታል ይጎድላል።

ዐሥር ሰዓት፣ የመኪናው መንገድ

ከሰል የጫነ ኢሱዙ አስቆምን። ሺህ አምስት መቶ አለ። አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፣ ከፈልኩ። ቢረሳው ከሥጋው ጋር ከሰሉ ላይ ወጣ፤ ስድስቱን ተሰናበትኩ። ጋሽ አዳሙ ግን ገቢናው ውስጥ ገቡ።

«ልጄ እንጅባራ ናት ያገባችው፤ ገናን እሷ ጋ እውላለሁ። አንተም ምስክር ሳትፈልግ አትቀርም።»

ሳይጨልም ሰፈር ደረስን። እትዬ ስንዱ በር ላይ ቆመዋል፣ ከኋላቸው ግማሹ የቅርጫ አባል አለ።

«በሬው የታለ?»

«ይኸው» አልኩ፣ ራሱን ከትከሻዬ እያወረድኩ።

ራሱን ከቀንዱ እስከ አንገቱ አዩት። ከዚያ የፈራሁትን ቃል አወጡት። «በክት ነው ያመጣህልን?»

የሰፈራችን አራጅ ጥላሁን ቀረበ። ራሱን ገለበጠ፣ አንገቱ የተቆረጠበትን በጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ። ጭኑን ጫን አደረገ፣ ደም እንዳልቋጠረ ተመለከተ፣ አሸተተ። ጋሽ አዳሙ ከመኪናው ወርደው ማተባቸውን ያዙ።

«ያረድኩት እኔ ነኝ። ዓይኑ ይርገበገብ ነበር። ይህ ሰው ጭኑ ላይ አስተኝቶ እያወራ ነው ያቆየው።»

«ምን እያወራ?» አሉ እትዬ ስንዱ።

«ስለ እርስዎ ነው መሰለኝ» አለ ቢረሳው።

ጥላሁን ቀና አለ። «ንጹሕ እርድ ነው። እንዲያውም ደሙ ከእኔ እርድ በላይ ወጥቶለታል።»

እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ታዲያ ምን ቆማችሁ ታዩታላችሁ፣ ሥጋውን አግቡት እንጂ» አሉ። ያኔ ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። እኔን ወደ ቤት ያስገቡኝ ከጎድኑ ቀጥሎ ነው።

ገና ጠዋት

ሰው ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ መደቡ ተደረደረ፤ ከሻኛው፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው ሁሉ ለእያንዳንዱ እኩል። ዕጣው እንደ ልማዳችን ነው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ምልክት ይሰጣል፣ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ቁልፍ፣ የሸሚዝ አዝራር፣ ባቄላ፣ የጠርሙስ ክዳን ተሰበሰበ። እኔ አንዲት ትንሽ ድንች ሰጠሁ። አስቀማጭ እንዲሆኑ ጋሽ አዳሙን ከልጃቸው ቤት አስጠራናቸው፤ በሰፈሩ ማንንም አያውቁምና ከእሳቸው የተሻለ ዳኛ የለም።

እያንዳንዱን ምልክት ሳይቸኩሉ አስቀመጡ። ድንቿን መጨረሻ ላይ አንስተው አገላበጧት።

«ይቺ የማን ናት?»

«የእርስዎና የስድስቱ» አልኳቸው። «የእኔ መደብ ነው። ገደል ለገባ ከብት ገንዘብ አይቀበሉም አሉኝ እንጂ ሥጋ አይቀበሉም አላሉኝም።»

ድንቿን በመዳፋቸው መዘኑ። እምቢ ሊሉ ነው ብዬ ክርክር አዘጋጀሁ።

«ድንቿንም ጨምሮ ነው?» አሉ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። በሬ ከገዛህ መኪናውን አትከራከር። ሰው በማታውቀው ቋንቋ ሲናገር ደግሞ ቁጥር ሰምተህ ብቻ ብር አታስብ። እትዬ ስንዱ በሚቀጥለውም ዓመት እኔው እንድገዛ በሰው ሁሉ ፊት ተናግረዋል፤ ማንም አልተቃወመም።

ዐሥራ ስድስት መደብ ወጣ። ዐሥራ አምስቱ ለዐሥራ አምስት ቤት፣ አንዱ ለሰባት ሰው። ለእኔ የቀረ የለም።