ጮርቃ ያለችኝ የሞጣ ልጅ

ከቢቸና የወጣሁ ለት ሊነጋጋ ሲል አባቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። «በይ እንግዲህ፣ ከመናገርሽ በፊት ስሚ» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ አላለቀስኩም፤ ቤሩት ሄጄ የሰው ቤት ብጠርግ ምን አለበት ብዬ!

ደረስኩ። ሙቀቱ እንደ ረጠበ ጋቢ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ ኩብዝ የሚሉት ቂጣቸው ወረቀት ነው። ሰላምታቸውማ አይነሳ! እኛ አገር የጎረቤት ላም እንኳ ደኅንነቷ ይጠየቃል፤ አሠሪዬ ማዳም ጠዋት አይታኝ የምትለው «ባልዲው የት አለ?» ነው። ስትወጣ ደግሞ በሩን ከውጭ ትቆልፍብኛለች።

አንድ ቀን «ፊቷን ታጠቁርብኛለች» ብላ ያስቀጠረኝ ቢሮ ወስዳ ከሰሰችኝ። አስተርጓሚዋ እታለም የምትባል የሞጣ ልጅ ናት። የአገሬ ልጅ አገኘሁ ብዬ ደስ ማለቴ! ለካ አዲስ የመጣን ሁሉ «ጮርቃ» ነው የምትለው፤ እኔንም አለችኝ።

ለማያውቅ ልንገር፤ ጮርቃ እሸት ያልደረሰ እህል ነው፣ ፍሬው ሲጨመቅ ወተት የመሰለ ውሃ የሚወጣው። ልምድ የሌለውን ሰው ጮርቃ ማለት የመጣው ከዚያ ነው። ገበሬ ጮርቃ ሲል ጠብቁት ማለቱ ነው። እታለም አፍ ላይ ግን ስድብ ሆነ፤ ቤሩት ከርማ ሀብል ስላጠለቀች ስንዴ አይታ የማታውቅ መሰለች።

«በሩን ቆልፋብኝ ነው የምትወጣው። እሳት ቢነሳ በየት ልውጣ?» አልኳት።

ወደ አለቃዋ ዞራ በዐረብኛ፣ «ጀዲዳ ናት፤ አገሯ ናፍቋት ነው፣ ትለምዳለች» አለች። ጀዲዳ አዲስ ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ዐረብኛውን ከማዳም ስድብ ለቅሜዋለሁ። «እንደዚያ አላልኩም! ትቆልፍብኛለች ነው ያልኩት» አልኩ በዚያው በዐረብኛ።

አለቃው ሳቀ። «ቋንቋ ከቻልሽ ጀዲዳ አይደለሽም። ታዲያ ምን ያማርርሻል?»

ቋንቋ ሳልችል ስላልገባት ነው ይሉኛል፤ ስችል ደግሞ ምን አማረረሽ! «ቁልፉን ካልሰጠችኝ አልመለስም» ብዬ ወንበሩ ላይ ተደላደልኩ። እታለም ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ ንቅንቅ አላልኩም። ለካ ማዳም ማታ እንግዶች ጠርታ ኖሯል። ሳህን የሚያጥብላት ሲጠፋ ቁልፉን ወረወረችልኝ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለች። ታናሽ እህቴ ፓስፖርት አወጣች አለችኝ።

«እማ፣ አትምጣ። ቋንቋ አታውቅ፣ ሰው አታውቅ...»

«ኧረ ተይ! አንቺ አለሽላት አይደል? ሰዉ ሁሉ እኮ እህቷ እዚያ በስላለች ነው የሚለው።»

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሳገላብጥ መስመሩ የተቆረጠ መስሏት፣ «ሄሎ... ልጄ... ሄሎ...» ትላለች።