ከአባ በኋላ ማን ይናገራል

ለዝምታ ዜሮ የሚሰጥ መምህር እንዳለ ያወቅሁት ደብረ ታቦር ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። ለመምህርነት ዲፕሎማ የምንማረው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። መምህራችን ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ እግር ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከመቶው ነጥብ አሥሩን ለተሳትፎ ያዘ። በውይይት ሰዓት ሐሳብ የሰጠ ነጥብ ያገኛል፤ የሌላውን ሐሳብ የሞገተ የበለጠ ያገኛል፤ ዝም ያለ ግን ምንም የለውም። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ትሉ የለም?» አለን ፈገግ ብሎ። ዝም አይነቅዝም እንደምንልም የነገረው አልነበረም።

እኔ መናገር አልፈራም። ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርቼ የተመለስኩ ነኝ፤ እዚያ ዝም ያልኩት ለዕድሜዬ ይበቃኛል። ችግሩ ከፊት ወንበር የሚቀመጡት ቄስ ነበሩ። የንስሐ አባቴ ናቸው። ከገሳይ ወዲያ ባለች የገጠር ደብር ይቀድሳሉ። ከቤተ ክርስቲያናቸው አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት አስተማሪ አጥቶ፣ እሳቸው ዲፕሎማውን ይዘው እስኪመጡ ይጠብቃል። ልጆቹ ገና ከአሁኑ መምህር እያሉ ይጠሯቸዋል። እንግሊዝኛው ግን ስለከበዳቸው ፈተናው አልቀናቸውም። የተሳትፎው ነጥብ ከጎደለ እንደሚወድቁ እሳቸውም እኛም እናውቃለን።

የመጀመሪያው ውይይት ልጅን መምታት ተገቢ ነው አይደለም የሚል ነበር። አባ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ።

«ልጅ ያለ ቁንጥጫ አይቀናም። እኛም ተቆንጥጠን ነው ሰው የሆንነው» ብለው ተቀመጡ።

ከኋላ አንዱ ሳያስበው «አሜን» አለ። መምህሩ ሳቀ፤ እኛ አልሳቅንም። ማኅበር ላይ ቄሱ ከተናገሩ ወዲያ የሚቀረው ጠበል ጠዲቁን ቀምሶ ወደ ቤት መሄድ ነው። በቃላቸው ላይ ቃል የሚደርብ እሳቸውን እያረመ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በእኛ አገር ያሳደገው የለም ይባላል። መምህሩ «ሌላ ሐሳብስ?» እያለ ዓይን ዓይናችንን አየ። እኔ የምለው ነበረኝ። የዓረብ አገር እመቤቴ በማማሰያ የመታችኝ ጣቴ እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል። ግን ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ። የዚያን ቀን ከእሳቸው በቀር ነጥብ ያገኘ የለም።

ወደ መናኸሪያው አብረን ስንወርድ አባ ተቆጡኝ።

«ምን ነካችሁ እናንተ? ብቻዬን ለፍልፌ ተቀመጥኩ እኮ!»

«አባቴ፣ አንቱ ከተናገሩ ወዲያ ማን ይናገራል?» አልኳቸው።

ቆም አሉ። ነገሩ ያኔ ገና የታያቸው ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ውይይቱ ሲጀመር አባ ጭጭ አሉ። ለእኛ ብለው ነበር። እኛ ደግሞ ቄሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ ማን ቀድሞ ይከፍታል ብለን ጠበቅን። እሳቸው እኛን፣ እኛ እሳቸውን፣ መምህሩ ሁላችንንም ስንጠብቅ ሰዓቱ አለቀ። ይባስ ብሎ አባ አዝነውብናል የሚል ወሬ ተነሣ። አንዱ ጎልማሳ በዕረፍት ሰዓት ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ይቅር በሉን አላቸው። ምን እንዳጠፋ ግን አያውቅም።

ከዚያ በኋላ አባ መላ አገኙ። ውይይት ሊጀመር ሲል «መምህር፣ ፍቀዱልኝ» ብለው ይወጣሉ፤ ሲያልቅ ይመለሳሉ። መምህሩ የሽንት ሕመም ያለባቸው መስሎት በአክብሮት ይፈቅድላቸዋል። እኛም አፋችን ተፈታ። የቅጣቱ ጉዳይ እንደገና ሲነሣ ጣቴን አውጥቼ አሳየሁ። ዱላ ልጅን አያቀናም፣ መደበቅ ብቻ ነው የሚያስተምረው አልኩ። አንዷ ተነሥታ ሞገተችኝ፤ እኔም መልሼ ሞገትኳት። መከራከር እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር። በመስኮቱ ስመለከት ግን ነጩ ጥምጣም ባሕር ዛፉ ሥር ቆሟል፤ ደስታዬ እንደመጣ ጠፋ።

ውጤት ሲወጣ እኔ አሥር ከአሥር አገኘሁ። አባ ወደቁ፤ የመጀመሪያው ቀን ነጥባቸው ብቻውን አልበቃም።

መምህሩ ቢሮ ሄጄ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ።

«ለምን ያኔ አልነገራችሁኝም?» አለ። ቀጥሎም «ቢገባኝም፣ ክፍል ውስጥ ላልነበሩ ሰው የተሳትፎ ነጥብ ምን ብዬ ልስጥ?» አለኝ።

«እሳቸው ባይወጡ የእኔ አሥር ከየት ይመጣ ነበር?»

ውጤቱ ሬጅስትራር ገብቷል ብቻ አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። በእሱ ይሁን በደንቡ ወይስ በራሳችን የተናደድኩት፣ ዛሬም አለየልኝም።

አባን መናኸሪያ አገኘኋቸው፤ ካፊያ ነበር።

«ስለ ጣትሽ ያልሽውን በመስኮት ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ስለ ቁንጥጫ የተናገርኩትን ትቼዋለሁ» አሉኝ።

«ይህን ክፍል ገብተው ቢሉት ኖሮ ያልፉ ነበር፣ አባቴ። አሁን እንዴት ሊሆኑ ነው?»

«ከርሞ እደግመዋለኋ።»

«የከርሞዎቹም እኮ ከአንቱ በኋላ አይናገሩም።»

«እንግዲያ ደጅ እቆማለሁ» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ውስጤ ነደደ። ተሳስተዋል ልላቸው ፈለግሁ። ይግቡና ይቀመጡ፣ እኛም ፊት ለፊት አይደለም ማለትን እንልመድ፣ እነዚያ ልጆች እስከ መቼ ይጠብቁዎታል ልላቸው ፈለግሁ። ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር። አባ ከጋቢያቸው ሥር መስቀላቸውን አወጡ። እኔ፣ አሥር ከአሥር ያገኘሁት፣ ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩ።