የጉለሌ እጆች ያነሷት የሺሀረግ

የሺሀረግ ጥጥ ፈታይ ነበረች። ባሏ በዳሳ በልጅነቱ ከጋሞ መጥቶ ጉለሌ ሽሮ ሜዳ የከተመ ሸማኔ ነው፤ እሷ የፈተለችውን እሱ ይሸምናል። ያላቸው ልጅ ጉልላት ብቻ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና በተጀመረ ጊዜ ቀበሌው ጠራውና ሄደ። የአገልግሎት ዘመኑ ካለቀም በኋላ አልተመለሰም። አንድ ጊዜ ከሰሜን ጦር ግንባር ለፈቃድ የመጣ ወታደር «ከረን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ካኪ የለበሰ ሰው ስታይ ፊቱን ሳታጣራ አታልፍም።

በ1978 ክረምት አብዮት ጠባቂዎች የጎረቤቷን የሰርኬን ልጅ ለውትድርና ሊወስዱ መጡ። ሰርኬ ስትጮህ የሺሀረግ እንዝርቷን እንደያዘች ሮጣ በሩ ላይ ቆመች።

«እኔ አንድ ሰጥቻለሁ» አለቻቸው። «መጀመሪያ የኔን መልሱልኝ፤ ከዚያ የሷን ትወስዳላችሁ።»

ይገፈትሯታል ተብሎ ሲጠበቅ እርስ በርሳቸው ተያይተው ሄዱ። ሰርኬም በማግስቱ ልጇን አምቦ አጎቱ ዘንድ ሰደደችው። ነገሩ በሰፈሩ ተወራ፤ ያም ሆኖ ማንም ጮክ ብሎ አላነሳውም።

ኅዳር ላይ የቀበሌው ምክትል ሊቀ መንበር ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረና ለቦታው ማሟያ ምርጫ ተጠራ። ያልተገኘ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ስለማያገኝ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጣው ካድሬ ዓምሃ የሚባል የሰፈሩን የፓርቲ አባል ስም አነበበ። ከዚያ እንደ ወጉ፣ «ሌላ ጥቆማ ካለ?» አለ። ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ የሚመለሰው በዝምታ ነበር።

ሰርኬ ብድግ አለች።

«ወይዘሮ የሺሀረግን እጠቁማለሁ።»

ከኋላ አንዳንዱ ሳቀ። የሺሀረግ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ኧረ ተይኝ፣ አንቺ ሴትዮ!» አለች በሹክሹክታ። ለዓምሃ እጅ አውጡ ሲባል ከፊት የተቀመጡት አነሱ። ለየሺሀረግ ሲባል ግን መጀመሪያ በግድግዳው ጥግ ያሉ እናቶች፣ ቀጥሎ ሸማኔዎቹ፣ በመጨረሻም ወንዱም ሴቱም እጁን ሰቀለ። ካድሬው እንደገና ይቆጠር አለ፤ ቢቆጠርም ያው ሆነ። ምን ይበል? መድረኩ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው የመፈክር ጨርቅ ራሱ ስለ ጭቁን ሴቶች መብት የሚናገር ነው። አጨበጨበና ስብሰባውን ዘጋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ስለ ሰኔ ማውራት ጀመረ። ሰኔ ላይ የአገሪቱ ምክር ቤት የሚሆነው የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ነበር። ጡረታ የወጡት የፖስታ ሠራተኛ ጋሼ ኃይለ መለኮት፣ ራዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደጃቸው እንደተቀመጡ የሺሀረግን ጠሯት።

«ይህን ነገር ቀላል እንዳታደርጊው። ሰው እጁ እንደሚሠራ አወቀ። ጉለሌ ላይ የሆነ ሌላም ቦታ ይሆናል። ሰኔ ሲመጣ ታያለሽ፣ ጦርነቱ ይብቃ የሚል ሰው ይገባል።»

«ልጆቹስ ይመጣሉ ማለት ነው፣ ጋሼ?»

«ታዲያ ጦርነት ከቆመ እዚያ ምን ያደርጋሉ?»

አላመነችም። ግን ከዚያ በኋላ ሳታስበው የጉልላትን አልጋ ታነጥፍ ጀመር። በዳሳም አያትና ወደ ሽመናው ተመለሰ።

ቀበሌው ውስጥ የሰጧት ሥራ የጽዳት ዘመቻና የሱቁ ሰልፍ ነበር። ስለ ልጇ ስትጠይቅ ሊቀ መንበሩ «ይኼ ከኛ በላይ ነው፣ እትዬ» ይላታል። ቢሆንም ለመጋቢቱ ምልመላ በተሰበሰቡ ጊዜ፣ አንድ ልጅ ብቻ ካለበት ቤት እንዳይወሰድ ብላ ድርቅ አለች። ተከራከሩ፤ ለዚያ ዙር እሺ አሏት። አንዳንድ እናቶች መጥተው ጉልበቷን ሳሙ። እሷም ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ጉልላት የተጠራ ጊዜ እንዲህ የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ እያለች።

ሰኔ ደረሰ። የእጩዎች ጥቆማ ስብሰባ ላይ ሰርኬ እንደገና ብድግ ስትል ሰብሳቢው ቀና ብሎም ሳያያት «ጥቆማው ተጠናቋል» አለ። በምርጫው ቀን ሰው ተሰልፎ ካርዱን ጣለ። ውጤቱ ሲነገር አስቀድሞ ይመረጣል የተባለው ሰው ተመረጠ። ጋሼ ኃይለ መለኮት ራዲዮኑን ዘጉ።

«እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ» አሏት።

«የለም ጋሼ፣ እኔም መሳሳት ፈልጌ ነበር።»

በነሐሴ፣ እግሩን ያጣ ወታደር ጳውሎስ ሰፈር ወላጆቹ ዘንድ መምጣቱን ሰማችና በዝናብ ሄደች። በድሉ ይባላል። ገና ስሟን ስትነግረው ፊቱ በራ።

«የጉልላት እናት! አብረን ነበርን እኮ። ደህና ነው። መመረጥዎን ምሽግ ውስጥ ሰማን፤ ከጉለሌ የመጣ ምልምል ነው የነገረን። ጉልላት የያዘውን ሲጋራ ሁሉ አደለን። ‹እናቴ ተመርጣለች፤ በቃ፣ ሰኔን አታልፍም፣ ታስጠራኛለች› ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ‹ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?› እያለ ይጠይቀን ነበር።»

የሺሀረግ ወደ እሱ ቀረብ አለች።

«አንተ ትመለሳለህ?»

በድሉ ወደ ተቆረጠው እግሩ አየ። «እኔማ ጨርሻለሁ።»

ለጉልላት መልስ የምትልክበት ሰው አልነበራትም። ቤት ስትደርስ በዳሳ ከሽመናው ጉድጓድ ቀና አለ።

«ምን አለሽ?»

«ደህና ነው አለኝ። ሲጋራ ማጨስ ጀምሯል አሉ።»

በዳሳ ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። «ይምጣ ብቻ፣ ያጭስ» አለ። የቀረውን ሳትነግረው እርጥብ ነጠላዋን አውልቃ እሳቱ አጠገብ ሰቀለች።