ረጃጅሞችን የሚያስቀምጠው ኩርማን

ሰፈሩ ሁሉ ኩርማን ነው የሚለው። ቁመት ሲታደል የደረሰው ሩቡ ነው ለማለት ነው። አጭር ነው፤ ያውም ዝምተኛ አጭር። ቀና ብሎ የሰው ፊት አያይም፤ ቢያይም እስከ ሸሚዝ ቁልፍ ድረስ ነው። ሥራው ግን፣ እንግዲህ ፈጣሪም መቀለድ ሲያምረው ይሆናል፣ ረጃጅም ሾፌሮችን ማስቀመጥ ነው። ጉልበቱ መሪ እየነካ ያስቸገረው፣ አናቱ ጣሪያ የሚታከክ፣ ወገቡ የተቆለመመ ሾፌር ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። ኩርማን ወንበሩን ይነቅላል፣ የሚንሸራተትበትን ብረት ያስረዝማል፣ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል፣ ወደ ኋላ ገፍቶ በብሎን ያስራል። ሰውየው እግሩን ዘርግቶ "እፎይ!" ሲል ኩርማን አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። ለእሱ ያቺ "እፎይ" ከምርቃት በላይ ናት።

የሚሠራው ከቤቱ ጎን በተቀጠለች የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነው። ልክ የሚወስደው በሜትር አይደለም፤ በእጁ ነው። ሰውየውን ያስቀምጥና ሞተር ያስነሳል፤ ራሱ በሩ ሥር ተንበርክኮ "ርገጥ" ይላል። ሰውየው ፍሬኑን እስከ ታች ሲረግጥ ኩርማን ጉልበቱን ከሥር ይዳስሳል። ትንሽ እጥፋት መቅረት አለባት። "ጨርሶ የተዘረጋ ጉልበት አይገፋም" ይላል፣ ከተናገረ።

ጣጣው የሞተሩ ጭስ ነበር። ጭሱ በግድግዳው ስንጥቅ ወደ ቤት እየገባ ሚስቱን ያስላታል። አንድ ቀን በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ብቅ አለች።

"አንተ ሰውዬ፣ አጥነህ ልትገድለኝ ነው እንዴ? ለልክ ደግሞ ሞተር ምን ያደርጋል? ልብስ ሰፊ ሲለካህ ትሮጣለህ?"

ኩርማን ሳቀ። እውነትም ማንም ሲለካ አይሮጥም። ከዚያ ወዲህ ሞተር አጥፍቶ መለካት ጀመረ። ቤቱ ሰላም ሆነ፣ ሳሉም ቆመ።

በአዲሱ አሠራር መጀመሪያ የተቀመጠው የተማሪ ማመላለሻ ሚኒባስ የሚነዳው ሰው ነው፤ ልጆቹ ቀጭኔ ይሉታል። ከእሱ ቀጥሎ፣ በማግስቱ፣ የኩርማን ሚስት ወንድም ታክሲውን ይዞ መጣ። የእሱ ነገር የቤተሰብ ጭንቀት ነበር፤ ጉልበቱ እያበጠ መንዳት ሊተው ምንም አልቀረውም።

"ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ጨምርልኝ" አለ ተቀምጦ።

"ይበቃሃል።"

"ኧረ በናትህ! ዕድሜ ልኬን እንደ ጃንጥላ ታጥፌ ኖርኩ። አንዴ እንኳ እንደ ሰው ልዘርጋ እንጂ! አጭር ሰው መቼ ይገባዋል?"

"ርገጥ እስቲ።"

ረገጠ። ፍሬኑ ጠንከር ብሎ ቆመ። ኩርማን ጉልበቱን ዳሰሰ፤ እጥፋቷ አለች። "ይሁን" አለና ብሎኑን አጠበቀ።

ለሙከራ አብረው ወጡ። ሰውየው እንደ ሙሽራ ተንጋሎ ያፏጫል። ኩርማን ጎኑ ተቀምጦ እግሩ ወለሉን ሳይነካ ይወዛወዛል። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ከታች አንድ ሰው የሽንኩርት ጋሪ እየገፋ መንገድ ገባ።

"ያዝ" አለ ኩርማን።

"ይዣለሁ።"

መኪናዋ ግን ትወርዳለች። ፉጨቱ ቆመ። ኩርማን ዞር ብሎ ሲያይ የሚስቱ ወንድም እግር እንደ ዱላ ተዘርግቷል፤ መቀመጫው ከወንበሩ ተነስቷል፤ በእግሩ ጣት ጫፍ ነው የሚገፋው። ፍሬኑ ከእግሩ ሸሽቶ ወደ ታች ሰምጧል።

"አይደርስም! ጋሼ አይደርስም!"

ኩርማን የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ሳበው። መኪናዋ ጮኸች፣ ተንገዳገደች፣ ጋሪውን ገጭታ ቆመች። ሽንኩርቱ ቁልቁለቱን ተንከባለለ። ባለጋሪው ዘሎ አምልጦ ዳር ቆሟል።

ኩርማን ክው ብሎ ቀረ። እንዴት ይህን ረሳ? ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ይደርቃል፤ ቶሎ ይቆማል። ሞተር ሲነሳ ነው የሚለሰልሰውና ወደ ታች የሚወርደው። ይህን ማንም ሾፌር ያውቀዋል። እሱም ያውቃል። ለዚያ ነበር እኮ ሞተር ያስነሳ የነበረው!

ከዚያ ቀጭኔ ትዝ አለው።

ስልክ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም። ቀጭኔ እየነዳ ስልክ አያነሳም፤ ጥንቁቅ ሰው ነው። ሰዓቱ ተማሪ የሚለቀቅበት ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከጉብታው ላይ ነው፤ ከበሩ ጀምሮ እስከ ዋናው መንገድ ቁልቁለት ነው።

"ወዴት ነው?" አለ የሚስቱ ወንድም።

ኩርማን ሮጠ። ሲሮጥ ያየው ሰው ሁሉ ቆመ፤ ኩርማን ሲሮጥ ታይቶ አያውቅማ። "ኩርማን፣ ምን ነካህ? ቤት ተቃጠለ?" ይሉታል። በጉብታው ደረጃ አቋርጦ ወጣ። ሳንባው ሊፈነዳ ደረሰ።

ሚኒባሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። ልጆቹ ገብተው ሞልተዋል፤ በመስኮት ይንጫጫሉ። ሞተሩ ተነስቷል። ጎማው መንከባለል ሲጀምር ኩርማን እጁን ዘርግቶ ፊቱ ቆመ።

"ተነስ ከፊቴ! አብደሃል እንዴ?" አለ ቀጭኔ፤ ገና እያዘገመ ስለነበር የእጅ ፍሬኑን ይዞ አቆመ። "አጭር ነህና አላየሁህም ብል ማን ይፈርድብኛል?"

ልጆቹ ሳቁ። ኩርማን በሩን ከፈተና የፍሬኑን መርገጫ በጣቱ አሳየው።

"ር…ርገጥ። እስከ ታች።"

"ምን?"

"እባክህ ርገጥ! በእናትህ!"

እንዲህ ሲጮህ ቀጭኔም ደነገጠ። ረገጠ። ረጅም እግሩ ተዘረጋ፣ ተዘረጋ፣ ከወንበሩ ተነሳ፣ ከዚያ አለቀ። ፍሬኑ ገና ይቀረዋል። ቀጭኔ እግሩን አየ። መርገጫውን አየ። በመስተዋቱ ልጆቹን አየ። ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋ።

"ውረዱ" አለ ለልጆቹ። "ሁላችሁም ቀስ ብላችሁ ውረዱ።"

"ለምን?" አለች አንዷ።

"ውረጂ አልኩሽ የኔ እናት።"

ልጆቹ ከወረዱ በኋላ ሁለቱ አስፋልቱ ዳር ተቀመጡ። ኩርማን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ፊት ቀና ብሎ አየ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ሞተር አጥፍቼ ለካሁህ።"

ቀጭኔ እንደሚቆጣው፣ ምናልባትም እንደሚመታው ኩርማን ጠብቆ ነበር። ቀጭኔ ግን ቁልቁለቱን እያየ ነው።

"ዛሬ ጠዋት ሞልቼ ወርጃለሁ እኮ" አለ። "እነዚሁኑ ይዤ፣ ከላይኛው ሰፈር። መንገዱ ባዶ ነበር። በማርሽ ብቻ ወረድኩ። ፍሬን… ፍሬን አልነካሁም።"

ኩርማን የብሎን መፍቻውን ከኪሱ አወጣ። ወንበሩን እዚያው ወደ ፊት ሊመልሰው ሥሩ ገባ። መፍቻው ግን ብሎኑን እየሳተ ብረቱን ይመታል። ቀጭኔ ከላይ ጎንበስ ብሎ የእጁን አንጓ አጥብቆ ያዘለት።